ታይፒስቷ እንዳለችው

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ማሽኖቹ ለሻይ ሲቆሙ፣ የሽያጭ ሠራተኛዋ ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ «ዝም በሉ እስቲ፣ የዛሬውን ላንብብላችሁ» አለች። የካርቶን ማተሚያ ቤቱ ሻይ መጠጫ ክፍል ከወረቀት መጋዘኑ በስስ ጣውላ የተከፈለች ጠባብ ቦታ ናት፤ ስድስት ሰው ከተቀመጠባት ሰባተኛው ቆሞ ይጠጣል። የቆመው አራሚው ነበር። በመድኃኒትና በሳሙና ካርቶን ላይ የሚታተመውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ሲለቅም ስለሚውል፣ ቢያንስ በሻይ ሰዓት ወገቡን ማቃናት ይፈልጋል። ሴትየዋ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ድምጿን እንደ አሮጊት አቅጥና አነበበች። «ሰላጣው ምድርን በቀን ስንት ጊዜ ይዞራል? ነዳጁ ሲያልቅስ ማን ያወርደዋል? ብቻውን እዚያ ላይ መቅረቱ ያሳዝነኛል።» ክፍሏ በሳቅ ፈረሰች። የማሽን ባለሙያው እንባውን በዘይታም እጁ እየጠረገ «ሳተላይት ለማለት እኮ ፈልጋ ነው» አለ፤ ይህን ሲል ደግሞ እንደገና ሳቁ።

አንዲት አሮጊት በሳይንስና በቴክኖሎጂ ዜናዎች ሥር የምትጽፈውን አስተያየት ሁሉ እየለቀመ የሚያወጣ ገጽ አለ። «ታይፒስቷ እንዳለችው» ይባላል። ስልሳ ሺህ ሰው ይከተለዋል፤ ከማተሚያ ቤቱም የማይከተለው አራሚው ብቻ ነው መሰል። ገጹን ማን እንደከፈተው አይታወቅም። የአሮጊቷን የፊደል ስህተት በቀይ እያከበበ ይለጥፈዋል፣ ሕዝቡ ሥር ሥሩን እየተከተለ ይቀልዳል። አራሚው የሻይ ብርጭቆውን ከአፉ አነሣና «ሎሚ ጨምሩበት» አለ። ለሰላጣው ከሳቁት ይልቅ ለሎሚው ሳቁ። የሽያጭ ሠራተኛዋ «ይሄማ ሜዳ ላይ አይቀርም» ብላ እዚያው በራሷ ስም ጻፈችውና ለጠፈችው። ገና ሻይዋን ሳትጨርስ አርባ ሰው ወዶላታል። «ና እይ፣ ያንተ ነው እኮ» ብላ ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋችለት።

ያየው ሎሚውን አልነበረም። ከአሮጊቷ አስተያየት ጎን ያለችውን ትንሽ ክብ ፎቶ ነው ያየው፤ ጠርዙ የተላጠ የብረት ድስት ውስጥ የበቀለ ቀይ አበባ፣ ከኋላው የተሰነጠቀ የመስኮት መስታወት፣ ስንጥቁ ላይ በአግድም የተለጠፈ ቡናማ ፕላስተር። ፕላስተሩን የለጠፈው እሱ ነው። ባለፈው ክረምት፣ በርጩማ ላይ ወጥቶ፣ እናቱ ከታች ሆና «አጣመምከው፣ አጣመምከው» እያለችው። ሳቁ ፊቱ ላይ እንደቀረ ደረቀ። ሴትየዋ አየችውና «ምነው፣ ታውቃታለህ እንዴ?» አለችው።

«እኔ ከየት አውቃታለሁ» አለ። ብርጭቆውን ሳይጨርስ አስቀመጠና ወጣ።

ጠረጴዛው ላይ የሳል መድኃኒት ካርቶን ናሙና ይጠብቀው ነበር። ገፋ አደረገውና ገጹን በራሱ ስልክ ከፈተ። ባነበበ ቁጥር የሚከነክነው ነገር ሌላ ሆነ። እናቱ በአንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ታይፕ ስትመታ የኖረች ሴት ናት። ልጅ እያለ «ፀሐይ»ን በሌላኛው «ጸ» የጻፈ ቀን እራት አይቀርብም ነበር፤ አንድ ጊዜ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ለወላጆች የላኩትን ደብዳቤ አርማ፣ አጣጥፋ፣ በእሱው እጅ መልሳላቸዋለች። ከእናቱ እጅ የተሳሳተ ፊደል ሲወጣ አይቶ አያውቅም። እዚህ ገጽ ላይ ግን ስህተት ያልያዘ መስመር የለም። ይሄ የእማዬ አይደለም አለ በልቡ። አንድ ሰው በእሷ ስም ገብቶ እየጻፈ ነው። የቤቱንም ነገር ያውቃል። በቤት ውስጥ ካሜራ ዜና ሥር «ልጄ ኩባያ ትደብቅብኛለች፤ ይህን የሚያሳይ ካሜራ ዋጋው ስንት ነው?» የሚል አለ። ልጇ ማለት ታናሽ እህቱ ናት። ከእናቷ ጋር የምትኖረው እሷ፣ ስልኩን የምትነካካው እሷ፣ ፎቶ ቤት ተቀጥራ ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት በኮምፒውተር ስታስተካክል የምትውለው እሷ። በገጹ አናት ላይ የእናቱ የአበባ ድስት ሰላጣ ተጭኖበት ተሥሏል፤ የጥላው አወዳደቅ ሳይቀር የባለሙያ ሥራ ነው። ጥርሴን አሞኛል ብሎ አስፈቀደና ወጣ።

አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ሄደ። ሰው የገዛ እናቱን ለስልሳ ሺህ ሰው ያወጣል? ስንት ታገኝበታለች? ስልኩን እያነበበ የሚስቅ ሰው ባየ ቁጥር፣ ሁለት ወንበር ፊት ለፊቱ የተቀመጠች ተማሪ ስልኳን እያየች ፈገግ ባለች ቁጥር፣ እናቱን የሚያነቡ ይመስለዋል። አንገቱን አስግጎ ሊያይ ሲል ልጅቷ ስልኳን ደረቷ ላይ ገለበጠችና ገላመጠችው።

ፎቶ ቤቱ በሕንፃ ሥር ያለ መስኮት አልባ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ተወጥሯል፤ ከፊቱ ቀይ ወንበር አለ፤ በሩ ላይ የአስቸኳይ ፎቶ ዋጋ ሁለት ጊዜ ተሰርዞ ሦስተኛ ጊዜ ተጽፏል። እህቱ የአንድ ሙሽራ አገጭ ላይ ያለ ብጉር እያጠፋች ነበር። ቀና ብላ አየችው።

«አንተ! ምን እግር ጣለህ?»

ስልኩን ከኪቦርዷ ላይ አስቀመጠው። «ይሄን ነገር የምትሠሪው አንቺ ነሽ?»

ስልኩን አየችው። ከዚያ እሱን አየችው። ያፍራል ብሎ የጠበቀው ፊት አላፈረም፤ እንዲያውም አፏ ላይ የምሬት ሳቅ መጣ። «እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንተን ስጠረጥር ከርሜ፣ አንተ ብድግ ብለህ እኔጋ መጣህ?»

«እኔን?»

«ስህተት በቀይ እያከበበ የሚኖር ማነው በቤታችን? እኔ ነኝ? ገጹን ዐሥር ጊዜ ሪፖርት አድርጌዋለሁ። ስምህን አውጥቼ አንድ ቀን ልዘረግፍልህ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«መቼ? ለአዲስ ዓመት ስትደውል?»

 አንድ ደንበኛ ገባ፤ አራት ጉርድ ፎቶ ፈልጎ ነበር። እህቱ ቀይ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፣ አንገቱን አቃናችለት፣ አነሣችው፣ ዋጋው ለምን ጨመረ ብሎ ሲያጉረመርም ወረቀቱ ስለጨመረ አለችው። ሰውየው እስኪወጣ ወንድምና እህት አልተያዩም። ከዚያ አራሚው ጀመረ፤ እናታቸው እንዲህ አትጽፍም፣ ሌላ ሰው ገብቶበት ነው፣ ስልኩ ተሰርቆ ሊሆን ይችላል፣ አለ። እህቱ ራሷን ነቀነቀች። «ራሷ ናት የምትጽፈው። ከጎኗ ተቀምጬ አያታለሁ። ስልኩን አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ፣ በአንድ ጣቷ። ጠጋ ካልኳት «ምን ትሰልዪኛለሽ» ትለኛለች። አጠገቤ ድምፅሽን አጥፍተሽ እየቆምሽ ታስደነግጪኛለሽ ትለኛለች። ኩባያ ደበቅሽ፣ ማንኪያ ወሰድሽ። ኩባያው እኮ ጠረጴዛው ላይ ነው! ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጎረቤታችንን ሰላም ሳትይኝ አለፍሽ ብላ ተጣላቻት፤ ሴትየዋ አጠገቧ ቆማ እያወራቻት።» ድምጿ ወረደ። «አእምሮዋ እየሄደ ነው ብዬ ፈርቻለሁ። ለአንተ ብነግርህ ደግሞ ቤቱን ፈልጋ ነው እንዲህ የምትለው ብለህ ትጠረጥረኛለህ።»

ያን ጊዜ ስልኳ ጮኸ፤ ገጹ አዲስ ነገር ባወጣ ቁጥር እንዲያሳውቃት አድርጋዋለች። አየችና ከንፈሯን ነከሰች። «ከሰው ቀልድ የዛሬ ምርጥ ብሎ ያወጣት ደግሞ ይቺ ናት። ሎሚ ጨምሩበት። አምስት መቶ ሰው ወዷታል። እንዲህ ብላ የጻፈችውን ሴትዮ ባገኛት...» አለች። አራሚው ፏፏቴውን አየ። 

ጥግ ላይ ያለውን በርጩማ ስቦ ተቀመጠና አስተያየቶቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ ማንበብ ያዘ። ከገጹ አይደለም፤ ከእናቱ ከራሷ አካውንት ነው። ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። በበረዶ ውስጥ ስንትና ስንት ሺህ ዓመት ተኝቶ ስለነቃ ትል በወጣ ዜና ሥር «ሲነቃ አጠገቡ ማን ነበር? እባካችሁ ብቻውን አትተዉት» ብላለች። ደብዳቤ ስለሚጽፍ ማሽን ሲወራ ደግሞ፦ «እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደብዳቤ ጻፍኩ። አንድም ቀን የእኔ ሐሳብ ነው ብዬ ስሜን ከሥር አላስቀመጥኩም። ይህ ማሽን ነውር አያውቅም እንዴ?» ጨረቃ ላይ ለወረደው መኪና፦ «ፀሐይ በአንድ ወገን ብቻ ከመታው ጎማው ይሰነጠቃል፤ የወንድሜ መኪና እንዲያ ሆኗል።» አንድም የፊደል ግድፈት የለም። «ሥራ» በትክክለኛው «ሥ»፣ «ዓለም» በትክክለኛው «ዓ»፣ በየቃሉ መካከል እንደ ድሮው ሁለት ነጥብ፣ በመጨረሻው አራት ነጥብ። ለዐሥራ አራት ወር አንድም ግድፈት የለም። ከዚያ ጀመረ።

ከተበላሸ ፎቶ ጀርባ ላይ በእርሳስ እየጻፈ እንደ ሥራው ለቀማቸው። ስህተቶቹ በዘፈቀደ የተዘሩ አልነበሩም። የሚጎድለው ሁሌ የመስመሩ መጀመሪያ ነው። የሚለዋወጡት ፊደላት ከስልኩ የፊደል ገበታ በአንድ ጎን ያሉት ናቸው። ከገበታው በላይ ስልኩ የሚገምታቸው ሦስት ቃላት ሲመጡ፣ የተሳሳተው ቃል የግራው ነው፤ ሳታየው የነካችው። ሰላጣውም እንዲያ ነው የመጣው። የቀኙ ጎን ግን ዛሬም እንከን የለውም። «ነይ እስቲ» አላት እህቱን። ከትከሻው በላይ ሆና አነበበች። ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ዜናው ስለ ሰው ሠራሽ ዓይን ነበር። እናታቸው ከሥሩ፣ ግማሹ ፊደል ተዛብቶ፣ እንዲህ ብላ ጠይቃለች፦

«እናንተ የተማራችሁ ልጆች፣ የፊደል ገበታው ግራ ጎን የሚጠፋው ከስልኩ ነው ወይስ ከሰው? ልጄን ብጠይቀው መነጽርሽን ጥረጊ አለኝ። ጠረግሁት።»

ዘጠኝ መቶ ሰው ስቋል። እማማ፣ ስልኩን ገልብጠው ይያዙት። እማማ፣ ግራውን ጎን መንግሥት ወስዶት ነው። እማማ፣ ለቀኙም ይጸልዩ። ከሁሉ ሥር፣ ፎቶ የሌለው አንድ ሰው አንድም ላይክ ያላገኘች መልስ ጽፏል። «እናቴ፣ ይህ የስልኩ አይደለም። ዛሬውኑ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የአባቴም እንዲህ ነው የጀመረው።» ቀኑን አየ። ሁለት ወር ከዐሥራ አንድ ቀን ሆኖታል።

እህቱ ቀስ ብላ «መነጽርሽን ጥረጊ ያልካት አንተ ነህ?» አለች።

«መጥረጊያ ጨርቅም ገዝቼ ልኬላታለሁ» አለ።

እሷ ሱቁን ጥላ መሄድ አልቻለችም፤ ባለቤቱ እስከ ማታ አይመለስም። የቤቱን ቁልፍ ከጃኬቷ አውጥታ ሰጠችው። ሦስተኛ ፎቅ በእግሩ ወጣና በሩን ድምፅ ሳያሰማ ከፈተ። እንዲህ ማድረጉን ጠልቶታል፤ ግን በዓይኑ ሳያይ አላምን ብሏል። እናቱ በመስኮቱ አጠገብ፣ የቤት ሹራቧን ለብሳ፣ ስልኩን ፊቷ ላይ ለጥፋ ተቀምጣለች። አንገቷን እንደ ወፍ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል አድርጋዋለች። ይህን ዘንበል ማለት ስንት ጊዜ አይቶታል! ለወሬ ጆሮዋን የምትሰጥ ይመስለው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ኩባያዎቿ ሁሉ በቀኝ በኩል፣ እንደ ሰልፈኛ ተደርድረዋል። በግራዋ ሄዶ ቆመ። አንድ ክንድ ያህል ነው የራቃት። እጁን አነሣ። አወረደ። ዝንብ ያለፈ ያህል እንኳ አልዞረችም። ሳያስበው አሳለው።

እናቱ ከወንበሯ ዘለለች። ስልኩ ወደቀ። «ማነው? ማነህ?» ዞራ ስታየው ድንጋጤዋ ወደ ቁጣ ተለወጠ። «አንተ ነህ? ስንት ሰዓት ነው እዚህ የቆምከው? ሁላችሁም እንደ ድመት ነው የምትገቡት! በሥራ ቀን ምን ልታደርግ መጣህ? ስልኬን ልትወስድብኝ ነው አይደል? እህትህ ነግራህ ነው።»

«ማንም ስልክሽን አይወስድም፣ እማዬ። ዓይን ሐኪም ጋ ልወስድሽ ነው።»

«መነጽሬን ጠርጌዋለሁ» አለች።

ተንበርክኮ ስልኩን ከወንበሩ ሥር አነሣው። እንዳጎነበሰ ቀረ፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «ያን ጊዜ የጠየቅሽውን ጥያቄ፣ የግራውን... አንድ ሰው መልሶልሻል። ዛሬውኑ ይሂዱ ብሎሻል። የእሱም አባት እንዲህ ነው የጀመረው።»

«ማነው ሰውየው?»

«አላውቅም። ስም የለውም።»

 እጇ ሹራቡ ላይ ያልነበረ ክር ይለቅማል። «ሌሎቹስ ምን አሉ? እኔ እኮ የዜናውን ርዕስ እንጂ ያን ደቃቅ መልስ ማንበብ ካቃተኝ ቆየሁ። እጽፋለሁ እንጂ የሚመልሱልኝን አላየውም።»

«ያመሰግኑሻል» አለ።

እናቱ በተጠራጠረ ሰው አተያይ፣ በቀኝ ዓይኗ ብቻ፣ ከእግሩ እስከ ራሱ ቃኘችው። ከዚያ ጫማዋን ፈልጋ አደረገች።

የዓይን ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ረጅም ነው። የፕላስቲክ ወንበሮቹ እርስ በርስ በብረት ታስረዋል። የደረሳቸው ቁጥር አርባ ሦስት ነው፤ እየተጠራ ያለው ሃያ ስምንት። አጠገባቸው የተቀመጡ ሽማግሌ የካርድ ዋጋ ካምናው እጥፍ ሆኗል ብለው አጫወቷቸው፤ ከዚያ አንድ ዓይናቸውን በጥጥ እንደሸፈኑ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እናቱ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ በቀጥታ ወደ ፊት እያየች «እስቲ አንብብልኝ» አለችው። «ምኑን?» «የሚመልሱልኝን። ሰዓቱ ይሂድልን።» ስልኩን አወጣ። የሳተላይቱን ዜና ከፈተ። ድምፁን አጠራና ማንበብ ጀመረ። «እማማ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቁት። እማማ፣ እንደ እርስዎ ያለ አንባቢ ያብዛልን። ሳተላይቱ በቀን... ዐሥራ አምስት ጊዜ ይዞራል።»

«ቁም» አለችው። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው እያነበበልኝ ጽፌአለሁ። ሰው ከወረቀት ሲያነብና ከሆዱ ሲያወጣ ድምፁ አንድ አይደለም። ያለውን አንብብ።»

«እማዬ...»

«ያለውን።»

አነበበላት። መጀመሪያ የራሷን፣ እንደተጻፈው። «ሰላጣው?» አለች፤ «ሰላጣ ብዬ ነው የጻፍኩት? ሰላጣው ምድርን ይዞራል?» ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ እጇን አፏ ላይ ከደነች፣ ከዚያ መያዝ አቅቷት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሽማግሌው ነቁ። አራሚው ሳቋን ሲሰማ እፎይ ሊል ነበር። «እሺ፣ ቀጥል» አለችው። ቀጠለ። ስለ ገጹ ነገራት፤ ስለ ስልሳ ሺህ ሰው፣ ስለ ቀዩ ክብ፣ ድስቷ ላይ ስለተሣለው። ሳቋ ቀስ በቀስ ከሰመ። የግራ ጎኑ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ጭራሽ ጠፋ። እሷ ግን በቃ አላለችውም፤ ባቆመ ቁጥር አገጯን ወደ ፊት እያደረገች ታስቀጥለዋለች። ወደ ዛሬው ሲመለስ አንዷን ቃል ዘሎ ማለፍ ይችል ነበር። አንዲት መስመር ናት። ድምፁ ግን እንደሚያሳብቅበት አወቀ።

«ሎሚ ጨምሩበት» ብሎ አነበበ። «ይቺ የእኔ ናት።»

«ምን?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። ሥራ ቦታ፣ በሻይ ሰዓት። አንቺ መሆንሽን አላወቅኩም ነበር። ሲስቁ ደስ አለኝ። ከዚያ አበባሽን አየሁት። ታውቃታለህ ወይ አሉኝ።» ወለሉን አየ። «አላውቃትም አልኩ።»

 ቦርሳዋን ከፈተች፣ መሐረቧን ፈለገች፣ አገኘችው፣ መልሳ አስገባችው፣ ዘጋችው። ሠላሳ ዘጠኝ ተጠራ። አርባ ተጠራ። አርባ አንድ የተባለው ሰው ስላልነበረ ሁለት ጊዜ ተጠራ። አርባ ሦስት ሲባል እናቱ ተነሣች፤ ክንዱን ቢዘረጋላትም እንዳላየ ሰው አለፈችው። በቀኟ በኩል ነበር የዘረጋው። የበሩን መቃን በግራ ትከሻዋ መታችው፤ ቢሆንም ዞር አላለችም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ የምትናገር። «እማማ፣ አገጭዎን እዚህ ያሳርፉ። መብራቱን ሲያዩ ይህቺን ቁልፍ ይጫኑልኝ» አለቻት። በመሣሪያው ውስጥ ትንንሽ መብራት ብልጭ ይላል፤ እናቱ በቀኝ ሲመጣ እንደ ታይፕ መምቻ ፈጥና ትጫናለች። በግራ ሲመጣ ጣቷ ዝም ይላል። አራሚው ከኋላ ቆሞ ያን ዝምታ ቆጠረ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ መቁጠሩን ተወ። የዓይን ግፊት ነው፣ አለች ሐኪሟ፣ የሚያሳምም ነገር ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ብርሃን የሚሰርቅ። የግራው ዓይን አብዛኛው ሄዷል፤ የሄደው አይመለስም። የቀኙም ወደ አፍንጫው በኩል ጀምሯል፤ ለዚህ ነው በግራ ወገን ያለው ሁሉ የሚጠፋባቸው። የቀረውን ግን በየቀኑ ጠብታ ሳያቋርጡ ካደረጉ ማቆየት ይቻላል። «ከጥቂት ወራት በፊት ቢመጡልኝ ኖሮ» አለችና ፊታቸውን አይታ ተወችው።

«ሰዎች ጠይቄ ነበር» አለች እናቱ። «አንዱ መልሶልኛል።»

መውጫው ላይ ለእህቱ ደወለና ነገራት። እህቱ በስልኩ ውስጥ አለቀሰች፤ ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ «ኩባያዎቹ» አለች፤ «ያ ሁሉ ኩባያ...» አልጨረሰችውም። እናቱ ስልኩን ተቀበለችው። «አልደበቅሽም» አለቻት፤ «አላየሁትም ነበር። ማታ ስትመጪ ድምፅ እያሰማሽ ግቢ።» ስልኩን ስትመልስለት ፊቱን አላየችውም።

ለምርመራው የተደረገላት ጠብታ የዓይኗን ብሌን ከፍቶት ስለነበር የቀኑ ብርሃን ወጋት። መሐረቧን እንደ ጥላ ግንባሯ ላይ ይዛ፣ አንድ እርምጃ ቀድማው፣ ብቻዋን ሄደች። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ስትደርስ ቆመች። አውቶቡስ ማቆሚያው ማዶ ነው። መኪኖቹ ከግራ ነው የሚመጡት። እሱ ደርሶ በቀኟ ቆመ፣ መድኃኒቱን በፌስታል ይዞ። አንድ ሞተር ከግራ መጥቶ ጫማዋን ሊነካ ሲል አለፈ። እሷ አላየችውም፤ ንፋሱን ብቻ ነው የሰማችው፤ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች።

«እዚያ ምን ትሠራለህ?» አለችው፣ ወደ ፊት እያየች። «ቀኙን እኔ አየዋለሁ። በዚህ በኩል ና።»

በጀርባዋ ዞሮ በግራዋ ቆመ። እጇ አየሩን አንድ ሁለት ጊዜ ዳበሰና የኮቱን እጅጌ አገኘ። ጨበጠችው፤ እንደ እናት አይደለም፣ አውቶቡስ ውስጥ ብረት እንደሚይዝ ሰው ነው።

«በል፣ የሚመጣውን ንገረኝ።»

«የጭነት መኪና» አላት። አለፈ። «ብስክሌት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምንም የለም።»

«ምንም?»

«ምንም የለም፣ እማዬ።»

ትንሽ አዳመጠችው። ከዚያ እግሯን አነሣች።